ስላላመመኝ ነው የተዘናጋሁት

የኩላሊት ካንሰሬ ምልክት ጥቅምት ላይ ነው የጀመረው። አንድ ጠዋት ሽንቴ የሥጋ እጣቢ መስሎ ወረደ። ማታ ቀይ ስር በልቼ ስለነበር በሱ አሳበብኩ። በሦስተኛው ቀን ቀይ ስር ሳልቀምስ ደገመኝ። አያቃጥልም፣ አያምም።

ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ሽንት ሰጠሁ። «ኢንፌክሽን ነው» ተባልኩና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ታዘዘልኝ። በአራተኛው ቀን ሽንቴ ጠራ። መድኃኒቱ የሠራ መሰለኝ። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። በኩላሊት ካንሰር ደም በሽንት መጥቶ ይጠፋል፣ ከሳምንታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። በራሱ ጊዜ ነው የቆመው።

ታኅሣሥ ላይ ተመለሰ። ሌላ መድኃኒት ተሰጠኝ። እህቴም ተልባ በጥብጣ አጠጣችኝ። የካቲት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፣ አሁንም ኢንፌክሽን ተባለ።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? መልሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። የላብራቶሪው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ቀይ የደም ሴል፦ ብዙ። ነጭ የደም ሴል፦ ከ0 እስከ 2። ባክቴሪያ፦ የለም። ሦስቱም ወረቀቶች ላይ ያው ነው። ኢንፌክሽን ቢሆን ነጩ ሴል ይበዛ ነበር። ካልቸር (ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ) ይሠራ ያለ የለም። እኔም አጥፌ ኪሴ ከተትኩት እንጂ «ይሄ ምን ማለት ነው?» አላልኩም።

በሦስተኛው ጊዜ «ዶክተር፣ አልትራሳውንድ ብነሳስ?» አልኩት። «ክሪያቲኒንዎ ኖርማል ነው፣ ኩላሊትዎ ደህና ነው» አለኝ። አምኜው ወጣሁ። ክሪያቲኒን የሚያሳየው ኩላሊት ደም እያጣራ መሆኑን ነው። አንዱ ዕጢ ቢይዝ ሌላው ሥራውን ይሸፍናል፣ ቁጥሩም አይነቃነቅም። ዕድሜዬ 54 ነው፣ ግፊት አለብኝ፣ 20 ዓመት አጭሻለሁ። ግፊቱም ማጨሱም ለኩላሊት ካንሰር ያጋልጣሉ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

መጋቢት ላይ ማንም ሳያዘኝ ከፍዬ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ግራ ኩላሊቴ ላይ ዕጢ ተገኘ። በሳምንቱ ሲቲ ስካን። 6.2 ሴንቲ ሜትር።

ዘመዶቼ «ናሙና ሳይወሰድ እንዴት ይቀደዳል?» ብለው ተጨቃጨቁ። እኔም ፈርቼ ነበር። ዩሮሎጂስቱ (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሐኪሙ) ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፤ ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ የተነሳው ሲቲ እንደዚህ ግልጽ ካሳየ ብዙ ጊዜ ናሙና ሳይወሰድ ነው ኦፕራሲዮን የሚደረገው። ዕጢው መሃል ላይ ስለነበር ሙሉ ኩላሊቱ ወጣ። አልተሰራጨም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትንሽ ሆኖ ጠርዝ ላይ ቢሆን ዕጢው ብቻ ተቆርጦ ኩላሊቱ ይተርፍ ነበር። ዶክተሩ በአምስት ወር ብዙም ላያድግ ይችላል ይለኛል። ሊያጽናናኝም ይሆናል። ሌሊት ስነቃ ግን የማስበው ያንን የጥቅምት ጠዋት ነው።

ስለዚህ ሽንታችሁ ውስጥ አንዴም ቢሆን ደም ካያችሁ፣ ባያማችሁም፣ ቢጠፋም፣ ኩላሊታችሁና ፊኛችሁ ሳይታይ ከክሊኒክ አትውጡ። የጎን ሕመምና በእጅ የሚዳሰስ እብጠት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ እነሱ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ከረፈደ ነው።

ሐኪሞች ምልክት ለሌለው ሰው የኩላሊት ካንሰር ቅድመ ምርመራ በአብዛኛው አይመክሩም። እኔ ግን አጫሹን ታናሽ ወንድሜን እየጎተትኩ ወስጄ አልትራሳውንድ አስነሳሁት። ምንም አልተገኘበትም። የኔ ቀጣይ ሲቲ መስከረም ላይ ነው።