የክረምት ቤት እድሳት፦ ቲሸርቱ ይቅር፣ አይሱዙው ይምጣ

ጅማ ላይ የአቅመ ደካሞች ቤት ሲታደስ ሦስት ወገን ይሰባሰባል፦ በጎ አድራጎት ማኅበሩ፣ ወጣቶቹና «ስፖንሰር» የምንለው ነጋዴ ወይም ድርጅት። ፈቃደኛ ሰው ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የሚጠፋው ማን፣ ምን፣ መቼ ያመጣል የሚለው ነው።

4 በ5 ሜትር የሆነች አንድ ክፍል ቤት እንውሰድ። ጣሪያው በየጎኑ ግማሽ ሜትር ወጣ ሲል 5 በ6 ይሆናል። ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም ተደራርቦ የሚሸፍነው 70 ያህል ነው። ስለዚህ በጣሪያው ርዝመት 9 ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ክንፍ አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ፣ በድምሩ 27 ቆርቆሮ ይፈልጋል። ለሚበላሸው 3 ጨምሩ። ስፖንሰሩ «ቆርቆሮውን ለእኛ ተዉት» ሲል ጌጁም (የውፍረቱ ቁጥር) ይጻፍ፤ 35 ጌጅ ከ32ቱ የሳሳ ነው፣ በሚስማሩ ዙሪያ ቶሎ ይቀደዳል።

ትልቁ ስህተት ግን ጭቃው ላይ ነው። ዘመቻው የሚጀመረው ሐምሌ፣ ዝናቡም ሐምሌ። መጀመሪያ ግድግዳውን መርጎ ጣሪያውን ማቆየት ማለት በማግስቱ ጭቃውን ከመሬት መልቀም ነው። ቋሚውና ማገሩ ይቁም፣ ቆርቆሮው ይመታ፣ ከዚያ ይመረግ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ተሸፍኖ ጥቂት ቀን ሳይብላላ ከተመረገ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ወጣቶቹ ለርግጫው ቀደም ብለው ይጠሩ። ሌላው ጠላት ምስጥ ነው። መሬት የሚገባው የቋሚው ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ። ዘይቱን ጋራዦች አውጥተው የሚደፉት ነው፤ «እኛ የምንሰጠው የለንም» የሚል ባለ ጋራዥ ካለ ይህን ጠይቁት።

የሰውም ብዛት ልክ አለው። እንዲህ ላለች ቤት ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል፤ 40 ሰው ከመጣ 25ቱ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም አይመለስም። ጣሪያ ላይ አናጺውና ሁለት ረዳት ብቻ ይውጡ። አሮጌ ቆርቆሮ የሚያነሳ ሰው ወፍራም ጓንት ያድርግ፤ ዝገቱ ከቆረጠው ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ቴታነስ ክትባት ይጠይቅ።

ከድርጅቶች የሚጠቅመው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ለባነርና ለቲሸርት የሚወጣው ብር የአናጺ ቀን ክፍያ ይሸፍናል። የቡና ነጋዴዎች መኪና ከለቀማው ወራት ይልቅ በክረምት ይገኛል፤ ሐሙስ ግን ገበያ ስለሆነ አይሱዙ አትጠብቁ። ድርጅቱ ሠራተኞቹን በሥራ ሰዓት ከላከ ደመወዛቸው እንደማይቆረጥና ቢጎዱ ማን እንደሚያሳክም በደብዳቤ ያስፍር። ማኅበሩ በበኩሉ አስተባባሪ ይመድብ። ብዙዎች «የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ ያልፍብናል» ብለው ይፈራሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በ20 በመቶ የሚገድበው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ወጪ ነው፤ ቤት እድሳቱን የሚመራ ሰው የፕሮጀክቱ ሥራ ነው። ስጦታው በደረሰኝ ይሁን፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የሚሰጠውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ በወጪነት ይይዛል፣ ያለ ደረሰኝ ግን ማስረጃ የለም።

ቆርቆሮ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። ቤቱ የማን ነው? የቀበሌ ከሆነ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ከሆነ አከራዩ በታደሰ ማግስት ቤቱ ውስጥ የሚኖሩትን እንዳያስወጣቸው የጽሑፍ ስምምነት። ሁለተኛው፣ ጣሪያው ሲነሳ የት ያድራሉ? ጎረቤት ካልተገኘ የእድሩ ድንኳን ቢያንስ ዕቃቸውን ከዝናብ ያድናል።

ሁለተኛው ምርጊት ለጥር ይቀጠር። በበጋ ለመድረቅ ሁለት ሳምንት የሚበቃው ጭቃ በክረምት ከወር በላይ ይቆያል፣ ስንጥቁም የሚለየው ሲደርቅ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ወጣቱም ነጋዴውም ቡና ላይ ስለሆነ አትጥሩት። ጥር ላይ 5 ሰውና አንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ ከስፖንሰሩ ጋር ስምምነት ሲፈረም ይህችም ቀን አብራ ትጻፍ።