የጠፋውን የእድር ድስት እንዴት አገኘሁት

34 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። የጠፋ ፋይል ማግኘት እንጀራዬ ነበር። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ የጠፋው ግን የእድራችን ትልቁ ድስት ነው። ጆሮው ጋ በቀይ ቀለም 7 ቁጥር ተጽፎበታል።

ከኮሚናሉ መጋዘን መጥፋቱ እንደታወቀ ንብረት ያዣችን ጋሼ ግቢውን አናወጡት። «ከመካከላችን ሌባ አለ!» ዘበኛው ደግሞ «ጅብ ይሆናል እማማ» አለኝ። ከተማው ጫፍ ስለሆንን ሌሊት ጅብ መጮሁ እውነት ነው። የመጋዘን ቁልፍ የያዘ ጅብ ግን አላጋጠመኝም።

ቁልፉን ካሰብኩ አይቀር እስከ መጨረሻው ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ዘበኛው ሲስቅ አይቼ እሱን ጠረጠርኩ። ሦስት ሌሊት በመስኮት ስሰልለው አደርኩ። ተረኛ ሆኖ እንደሚተኛ ደረስኩበት። ይህንንማ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ወደምችለው ተመለስኩና ቡና አፈላሁ። ጎረቤት በአቦል ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል፤ በቶና ስለ ልጆቹ። ጉዱ የሚወጣው በረካ ላይ ነው። ስለዚህ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ፈንዲሻ እያቀረቡ ዝም ማለት ነው። በረካ ላይ አንዷ «እኛ ለአንድ ጀሪካን ስንጋፋ የጋሼ ባለቤት ጋቢ አጥባ ታሰጣለች» አለች።

ጆሮዬ ቆመ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ያኔ ከቧንቧው ጠብ ካለ 9 ቀን ሆኖታል። ጋቢ ደግሞ ውሃ አይጠግብም።

በማግስቱ ሽሮ ልበደር ብዬ 4ኛ ፎቅ ወጣሁ። ሊፍት የለም፤ ጉልበቴ እስካሁን ይረግመኛል። በረንዳው ላይ አንድ ትልቅ ነገር በሸራ ተሸፍኗል። ሸራው ራሱ የእድሩ ነው! ከጫፉ ቀይ 7 ብቅ ብላለች። ሽሮዬን ተቀብዬ፣ አመስግኜ ወረድኩ።

ብጮህ ምን አተርፋለሁ? ነገ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ስለዚህ የእድሩን ዳኛ አስፈቅጄ ደረጃው ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፦ «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት የንብረት ቆጠራ ይካሄዳል»። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ቆጠራ ሲባል ስንት ፋይል እግር አውጥቶ መደርደሪያው ላይ ሲመለስ አይቻለሁ።

ዓርብ ሌሊት አንድ ነገር እየተንኳኳ ደረጃውን ወረደ። ዘበኛው ተኝቷል። ቅዳሜ ድስቱ ቦታው ላይ ተገኘ። ጋሼ ከሁሉም ቀድመው «አላልኳችሁም? የእድር ንብረት የትም አይሄድ!» አሉ። የሌባ ዓይነ ደረቅ!

ያላሰብኩት ነገር የድስቱን እጥበት ነው። በቀጣዩ ለቅሶ ንፍሮው ትንሽ ኦሞ ኦሞ ይል ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ በላ። ጋሼ ብቻ ጾም ነኝ ብለው አልቀመሱም። ንፍሮ ከመቼ ወዲህ ነው ፍስክ የሆነው?