የዊምብልደንን ሻምፒዮኖች ዝርዝር በአማርኛ ለማዘጋጀት ለምታስቡ

ከእኔ በፊት ይህን ሥራ የሞከረ ሰው አግኝቼ «ከወንዶቹ ሳይሆን ከሴቶቹ ጀምር» ቢለኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ሁሉም ሰው በወንዶቹ የሚጀምረው ቀላል ስለሆኑ ነው። ጉዱ ያለው ከሴቶቹ ዘንድ ነው።

ዝርዝሩን የሠራሁት ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የስፖርት ዝግጅት ነው፤ ጣቢያውን በስም አልጠራውም። ዊምብልደን፣ ማለትም የለንደኑ የሜዳ ቴኒስ ውድድር፣ ሲቃረብ ከ1877 ጀምሮ በዚያ ሣር ላይ ያሸነፉትን በሙሉ ከአጭር ማብራሪያ ጋር አዘጋጅቼ እንድሰጥ ተጠየቅሁ። የሜዳ ቴኒስ እወዳለሁና ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ።

ቀላል ቀላሉን በአጭሩ ልጨርሰው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተዉአቸው፤ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን መደርደር አንባቢን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም። በጦርነት ምክንያት ያልተካሄዱትን፣ ከ1915 እስከ 1918 እና ከ1940 እስከ 1945 ያሉትን ዓመታት፣ እንዲሁም ወረርሽኙ የሰረዘውን 2020 ባዶ ረድፍ ስጧቸው እንጂ አትዝለሏቸው። ወንዶቹ 22 ተጫዋቾች በተመዘገቡበት የመጀመሪያ ውድድር ባሸነፈው በስፔንሰር ጎር ይጀምራሉ። ሴቶቹ በ1884 ታላቅ እህቷን ሊሊያንን በፍጻሜው በረታችው በሞድ ዋትሰን ይጀምራሉ። እስከ 1921 ድረስ የዓመቱ ሻምፒዮን በቀጣዩ ዓመት ቁጭ ብሎ ተፎካካሪውን ይጠብቅና አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ዋንጫውን ያስጠብቅ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሥርዓት የተገኘውን የዊሊያም ሬንሾን 7 ዋንጫ ከኋለኛው ዘመን ሰው ከፒት ሳምፕራስ 7 ዋንጫ ጎን ያለ ምንም ምልክት የሚጽፍ ሰው እኔን ያናድደኛል። ኮከብ አድርጉበት።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ።

በእንግሊዞቹ ልማድ ያገባች ሴት በባሏ ስም ትጠራለች። ውድድሩን በሚያዘጋጀው ክለብ የክብር ሰሌዳ ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ የባሏ የስም ፊደላት ይሰፍሩ ነበር። ቢሊ ጂን ኪንግ «ወይዘሮ ኤል. ደብልዩ. ኪንግ» ተብላ ተጽፋ ነበር፤ ፊደሎቹ የባሏ የላሪ ናቸው። ክሪስ ኤቨርት በ1974 እና በ1976 በራሷ ስም አሸንፋ፣ በ1981 «ወይዘሮ ጄ. ኤም. ሎይድ» ሆና ነበር። አውስትራሊያዊቷ ኢቮን ጉላጎንግ በ1971 ጉላጎንግ፣ በ1980 ደግሞ ካውሊ ናት። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ወዳለው ዘመን ስትሄዱ ነገሩ ጫካ ይሆናል። ብላንች ቢንግሊ በ1886 ካሸነፈች በኋላ ሌሎቹን 5 ዋንጫዎች ሂሊያርድ ሆና ወሰደች። ሻርሎት ኩፐር 3ቱን በአባቷ፣ 2ቱን ስቴሪ በሚለው በባሏ ስም አሸነፈች። ዶሮቲያ ዳግላስ በ1903፣ በ1904 እና በ1906 ዳግላስ፤ በ1910፣ በ1911፣ በ1913 እና በ1914 ላምበርት ቼምበርስ ናት። ድምሩ 7 ነው።

በእኛ አገር ሴት አግብታም በራሷና በአባቷ ስም ትኖራለች። እኔም ሠንጠረዡን በዚሁ መንገድ ሠራሁት፤ መጀመሪያ የራሷ ስም፣ ቀጥሎ የትውልድ ቤተሰቧ ስም፣ ለብቻው በሆነ አምድ ደግሞ በሰሌዳው ላይ የሰፈረችበት ስም። እያንዳንዷ ሴት አንድ ሰው ሆና ወጣች። ሥራዬን ሳየው ኮራሁበት፤ ዛሬም እኮራበታለሁ።

የሬዲዮ ዝግጅቱ አዘጋጅ ግን ሳያማክረኝ «አስተካከለው»። በሰሌዳው ላይ የሌለውን ስም ሁሉ አውጥቶ ባለ ሁለት ስሞቹን ሴቶች ለሁለት ሰነጠቃቸው። ይህን ያወቅሁት እንደማንኛውም አድማጭ ከሬዲዮው ነው። ጥያቄና መልስ ነበር፦ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በሴቶች ብዙ ዋንጫ የወሰደችው ማን ናት? አንዲት አድማጭ ደውላ «ዶሮቲያ ላምበርት ቼምበርስ፣ 7 ጊዜ» አለች። ትክክል ናት! «ተሳስተዋል፣ እናመሰግናለን» ተባለችና ስልኩ ተዘጋባት። ቀጣዩ ደዋይ «ሎቲ ዶድ፣ 5 ጊዜ» ሲል ጭብጨባው ቀለጠ፣ የሞባይል ካርዱም ተሰጠው። በተሰነጠቀው ሠንጠረዥ ዶሮቲያ 3 እና 4 ሆና ተከፍላለች፣ ብላንችም አንዷን አጥታ ወደ 5 ወርዳለች፤ ስለዚህ ዶድና «ወይዘሮ ሂሊያርድ» እኩል አንደኛ ሆነው ተገኙ። ሎቲ ዶድ በ15 ዓመቷ ሻምፒዮን የሆነች ድንቅ ልጅ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። ግን 5 ከ7 አይበልጥም።

በማግስቱ ጣቢያው ድረስ ሄድሁ። አዘጋጁ በዕድሜ ይበልጠኛልና በትሕትና አስረዳሁት። «ልጄ፣ ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ ነገር እኛ አንፈጥርም» አለኝ። ክለቡ ራሱ በ2022 ከሴቶቹ ሰሌዳ ላይ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» የሚሉትን ማዕረጎች ማንሳቱን ነገርሁት። «ታዲያ ስሙን ቀየሩ?» ብሎ ሳቀ። አለቃው ዘንድ ስሄድ ቅሬታዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዘዝሁ፤ አቀረብሁ፤ መዝገብ ቤት ተቀበለኝ። ማስተካከያው እስከ ዛሬ አልተነበበም። እኔን ይቅር፤ ያቺ ሴትዮ ግን ትክክለኛ መልስ ይዛ በአደባባይ ተሳስተሻል ተብላለች።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ይፋዊውን ዝርዝር ለውጤትና ለዓመት ብቻ ተጠቀሙበት፤ ለስም አትመኑት። የሚረከባችሁ ሰው አንድም ረድፍ ሳይጠይቃችሁ እንዳይነካ አስፈርሙት። የሴቶቹን ድምር በሠንጠረዡ አናት ላይ በጉልህ ጻፉ፦ ማርቲና ናቭራቲሎቫ 9፣ ሄለን ዊልስ 8፣ ዶሮቲያ ዳግላስ 7፣ ሴሬና ዊሊያምስም 7። የራስ ስም ብቻውን አይበቃም፤ በ1936 ያሸነፈችው ሌላ ሄለን፣ ሄለን ጃኮብስ፣ አለችና።

የወንዶቹ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። እስከ 1967 ድረስ በገንዘብ የሚጫወቱ ፕሮፌሽናሎች በውድድሩ አይሳተፉም ነበርና በ1967 እና በ1968 መካከል ወፍራም መስመር አስምሩ። ሮድ ሌቨር በ1961 እና በ1962 አሸንፎ ፕሮፌሽናል ስለሆነ 5 ውድድሮች አመለጡት፤ በሩ ሲከፈት በ1968 እና በ1969 ተመልሶ ወሰዳቸው። በመካከሉ፣ በነሐሴ 1967፣ ክለቡ ለ8 ፕሮፌሽናሎች ብቻ ባዘጋጀው ውድድር በዚያው ሣር ላይ ኬን ሮዝዎልን በፍጻሜው አሸንፏል። ይህ ድል በይፋዊው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። እኔ የራሱን ረድፍ ሰጥቼው ነበር፤ አዘጋጁ እሱንም ሰርዞታል።