ብልጡ አምፖልና እናቴ

ታናሽ ወንድሜ ሳሎናችን ውስጥ በስልክ የሚታዘዝ አምፖል ገጥሞልናል። ትናንት ሌሊት በሰፈራችን በከዚራ ጠፍቶ የቆየው መብራት ሲመለስ፣ አጥፍተነው የተኛነው አምፖል ማንም ሳያዘው ቦግ አለ፤ ከድሬዳዋ ሙቀት ሸሽተው ሳሎን ምንጣፍ ላይ የተኙት እናቴም «በስመ አብ!» ብለው ተነሡ። ዛሬ ነገሩን ሳጣራ፣ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ አምፖሎች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ እንዲበሩ ሆነው የሚሠሩት፣ ዋይፋይ ባይኖርም በግድግዳው ማብሪያ ብርሃን ማግኘት እንዲቻል መሆኑን ተረዳሁና ቅንብሩን ከስልኬ ቀየርኩት። እናቴ ግን ሰው በገዛ ቤቱ መብራት ለማጥፋት ልጅ መጥራት የለበትም ብለው (እውነታቸውን ነው) ዛሬ ማታ የግድግዳውን ማጥፊያ ራሳቸው ተጫኑት፤ አምፖሉም ኃይል ስላጣ፣ ስልኬ «መሣሪያው አልተገኘም» ከማለት በቀር የሚያደርገው የለም።