ኬረላን በውሃ ላይ፦ ሃውስቦት ከመከራየታችሁ በፊት

ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ፣ ከዓረብ ባሕር ዳርቻ ጀርባ የተዘረጋውን የሐይቅ፣ የወንዝና የቦይ መረብ ለማየት የሚነሳ ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምክንያት ይኖረዋል። አንደኛው የሃውስቦቱ፣ ማለትም የሚታደርበት ጀልባ፣ ፎቶ ነው። ሁለተኛው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እኅታችን መሆኗ ነው። በሁለተኛው አልተቆጨሁም። የመጀመሪያው ግን በደላላ እጅ የሚያልፍ ጉዳይ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የምለውን ሁሉ እዚህ አስቀምጫለሁ። ሰዓቱን የምጠራው በኛ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት ቢጫ ካርድ። ሕንድ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ አገር ብላ ስለመዘገበች ካርዱ የሌለውን መንገደኛ እስከ 6 ቀን ለይታ ታቆያለች፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ቪዛው እስኪመጣ ጠብቆ መከተብ ሞኝነት ነው፤ መጀመሪያ መርፌው፣ ከዚያ ቪዛው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ይበቃል። ካርዱ ላይ የድሮ ማብቂያ ቀን ተጽፎ ካየ የሚከራከር ሠራተኛ ግን አይጠፋም፤ ደንቡን አትማችሁ ያዙ። ዱባይ ወይም ሪያድ የምትኖሩም ብትሆኑ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ካርዱን ከእጃችሁ አትለዩ።

ሌላው ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ሙምባይ ወይም ቤንጋሉሩ፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ኮቺ። ከኮቺዋ ኤርናኩላም ወደ አላፑዛ (ብዙ ሰው አለፒ ይላታል) በባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ሂዱ፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ክረምታቸው ከኛ ክረምት የባሰ ነው።

አሁን ወደ ሃውስቦቱ። ጀልባው ራሱ ድንቅ ነው፣ አልክድም። ኬቱቫላም የሚሉት የድሮ የሩዝ ጭነት ጀልባ ነው፤ ሳንቃዎቹ በምስማር ሳይሆን ከኮኮናት ቃጫ በተገመደ ገመድ ተሰፍተው የተያያዙ ናቸው። ጎኑ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ስፌቱ እንደ ቁምጣ ጠርዝ በእኩል ርቀት ተሰልፎ፣ ከካሹ ለውዝ ልጣጭ በተቀቀለ ጥቁር ቅባት ተለቅልቆ ይታያል። ጣሪያው ቀርከሃና ሰሌን ነው። ቱሪስት ሲመጣ መኝታ ክፍል፣ ሽንት ቤትና ሞተር ተጨመረለት።

ችግሩ የሚሸጡላችሁ ሰዓት ነው። የቱሪዝም ብሮሹሩም፣ ወደቡ ላይ የሚጎትታችሁ ደላላም «አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት» ይሏችኋል። መግቢያው ቀን 6 ሰዓት፣ መውጫው በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ይህ 21 ሰዓት ይሆናል። እኔ በያዝኩት ጀልባ ሞተሩ የተነሳው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ታስሮ አንድ ሰዓት ቆመ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለሌሊቱ ታሰረ፤ ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚጥሉበት ሰዓት ስለሆነ ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስ አይፈቀድም። ይህ ደንብ ትክክል ነው፤ ሲያዋውሉኝ አለመጥቀሳቸው ነው ያናደደኝ። ጠዋት ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ወደ ወደቡ መመለስ። ደምሩት፤ ከ21 ሰዓት ውስጥ የሄድነው አምስቱን ነው። የቀረውን ያሳለፍነው ከሌሎች ጀልባዎች ጋር ጎን ለጎን ታስረን፣ የጎረቤት ጀነሬተር መስኮታችን ሥር እያጓራ ነው።

«ኤሲ አለው» የሚለውም እንደዚያው። በተራው ደረጃ ኤሲው የሚሠራው መኝታ ክፍል ብቻ፣ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ቀን፣ ሙቀቱ በሚፋጅበት ሰዓት፣ ማራገቢያ ብቻ ነው ያላችሁ። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ከፈለጋችሁ ዋጋው ሌላ ነው፤ ይህንንም ከፍላችሁ ከገባችሁ በኋላ ነው የምትሰሙት። ባለቤቱን ስጠይቀው «ሁሉም ሰው ያውቃል» አለኝ። ማን ነው ሁሉም ሰው?

ከዚያ የዓሣው ነገር አለ። ምግቡ በዋጋው ውስጥ ነው ተብሎ ሳለ፣ ጀልባው መሐል መንገድ ላይ አንድ ዳርቻ ጠጋ ይላል። «ትኩስ ካሪሚን፣ ትልልቅ ሽሪምፕ፣ ገዝታችሁ ስጡን እንጠብስላችሁ» ይባላል። በኪሎ የሚጠሩት ዋጋ ከከተማ ገበያ ጋር አይገናኝም። ኮሚሽን እንዳለበት ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አንገዛም በሉ፤ ካሪሚኑን ኮታያም ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ትበሉታላችሁ።

እንግዲህ ማደር አለብን የምትሉ ከሆነ ከባለቤቱ በጽሑፍ ተቀበሉ፦ የጀልባው ስምና የምዝገባ ቁጥር (ፎቶው የሌላ ጀልባ ሊሆን ይችላል)፣ ኤሲው የሚሠራባቸው ሰዓታት፣ የሚታሰርበት ቦታ፣ የሚያልፍባቸው መንደሮች ስም። ካይናካሪና ኔዱሙዲ ተብሎ ካልተጻፈ እዚያው ወደቡ አጠገብ ፑናማዳ ሐይቅ ላይ ዞሮ ሊመልሳችሁ ይችላል። ቀሪውን ግማሽ ክፍያ የምትሰጡት ጀልባውን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ነው። ከዲሴምበር 20 እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ግን ጨርሶ አትሞክሩት።

የኔ ምክር ከብሮሹሩ ይለያል፦ አትደሩ። ትልቁ ሃውስቦት ወደ ጠባቡ ቦይ መግባት አይችልም፣ አገሩ ያለው ደግሞ ጠባቡ ቦይ ውስጥ ነው። በትንሿ ታንኳ ወይም ጣሪያ ባላት ሺካራ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለሦስት ሰዓት ውጡ። ሴቶች ደረጃ ላይ ተቀምጠው ዕቃ ሲያጥቡ፣ ዳክዬ ነጂው መንጋውን በውሃ ላይ ሲነዳ የምታዩት እዚያ ነው። ኩታናድ ውስጥ የሩዙ ማሳ ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ በግድብ ተከቦ ውሃው በፓምፕ ይወጣል፤ ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ ማሳውን ቁልቁል ታያላችሁ። የትም አላየሁም እንዲህ ያለ ነገር።

ቀጥሎ የክልሉ መንግሥት የሕዝብ ጀልባ፣ ከአላፑዛ ወደ ኮታያም። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለው ማረፊያ ይነሳል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ዋጋው ከ50 ሩፒ በታች ነው። የቬምባናድን ሐይቅ ዳር አቋርጦ ቦዮቹን ይይዛል። ሃውስቦቱ በመቶ እጥፍ ዋጋ ካሳየኝ የበለጠ አየሁበት። ጠዋት ጠይቁ፣ «እስከ ኮታያም ይደርሳል ወይ?» ብላችሁ፤ አንዳንዴ እምቦጭ መንገዱን ዘግቶ ካንጂራም ላይ ያወርዳችኋል። ጣናን ያየ ሰው እምቦጩን ወዲያው ይለያል። እዚህ ግን የራሱ ምክንያት አለው፦ ታኒርሙኮም ላይ ያለው ግድብ ጨው ውሃ ሩዙን እንዳይነካ በበጋ ይዘጋል፣ ውሃው ጨው ሲያጣ እምቦጩ ይፋፋል፤ ግድቡ ሲከፈትና ጨዉ ሲገባ ይሞታል።

አብያተ ክርስቲያናቱን በውሃ ዳር ያሉት ብላችሁ ብቻ አትምረጡ። ቻምፓኩላም ያለችው የማርያም ባዚሊካና ኤዳትዋ ያለው ጊዮርጊስ ያምራሉ፣ ግን ካቶሊክ ናቸው። የኛዎቹ ኮታያምና አካባቢው ናቸው፦ በ1815 የተመሠረተው አሮጌው ሴሚናሪ፣ በ1579 የታነጸችው ባለ ሥዕሏ ቼሪያፓሊ፣ የፑቱፓሊ ጊዮርጊስ፣ በፓምፓ ወንዝ ዳር ደግሞ ፓሩማላ፣ በ1902 ያረፉት የቅዱስ ጎርጎርዮስ መቃብር ያለበት። እዚያው ኮታያም ቫሊያፓሊ ቤተ ክርስቲያንም ግቡ፤ የፓህላቪ (የጥንት ፋርስ) ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ጥንታውያን የድንጋይ መስቀሎች እዚያ ናቸው። ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መከናነብ፣ የመቅደስ መጋረጃ፣ ዕጣን፤ እንግድነት አይሰማችሁም። በጃንሆይ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የዚሁ አገር ሰዎች ስለነበሩ፣ ከየት እንደመጣችሁ ሲሰሙ ወንበር የሚስቡላችሁ ሽማግሌዎች አሉ።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ በኦርቶዶክሶቹና ለአንጾኪያው የሶርያ ፓትርያርክ በሚታዘዙት ያዕቆባውያን መካከል በአብያተ ክርስቲያናት ይዞታ ላይ የከረረ ክርክር አለ፤ የ2017ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔም አላበረደውም። ሁለቱም ከኛ ጋር አንድ እምነት ናቸው፤ በር ላይ ቆማችሁ «የናንተ ናት ወይስ የነሱ?» አትበሉ። መቁረብ የምትፈልጉ ከሰበካችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ካህኑን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ። ሁለተኛ፣ የቀን አቆጣጠር። ልደትን ዲሴምበር 25፣ ትንሣኤንም ከምዕራባውያን ጋር ነው የሚያከብሩት። በ2024 እነሱ ማርች 31 ፋሲካ ሲበሉ እኛ ዐቢይ ጾምን ከጀመርን ገና ሦስተኛ ሳምንታችን ነበር። በዓል ማየት ከፈለጋችሁ ፓሩማላ ኖቬምበር 1 እና 2፣ ፑቱፓሊ ሜይ 6 እና 7። የማናርካድ ማርያም የስምንት ቀን ጾም ከሴፕቴምበር 1 እስከ 8 ነው፤ እኛ ግንቦት 1 የምናከብረውን ልደታን እነሱ ሴፕቴምበር 8 አክብረው ጾሙን ይጨርሳሉ። በእነዚህ ቀናት አልጋ የለም፤ ቀድማችሁ ያዙ።

ጾመኛ አይቸገርም። በሙዝ ቅጠል ላይ የሚቀርበው የአትክልት ምግብ በኮኮናት ዘይትና ወተት ይሠራል። ሩዙ ላይ ግን ቅቤ ያፈሱበታል፣ እርጎም ይጨምራሉ፤ ሳይቀርብ በፊት «ቅቤም እርጎም አይንካው» በሉ።

የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ብዙዎቹ ሂንዱ ያልሆነን ሰው ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ አምባላፑዛ ያለው የክሪሽና ቤተ መቅደስም እንደዚያው ነው። በር ላይ መሟገት ዋጋ የለውም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ካሩማዲ ላይ፣ ግራ ጎኑ የጎደለ ጥቁር ድንጋይ ቡድሃ አለ፤ የሚከለክል የለም፣ ለአስር ደቂቃ መቆም ይበቃል።

ዶላራችሁን ኮቺ ከተማ ውስጥ መንዝሩ፣ ዝርዝሩንም ብዙ አድርጉት። የሕዝብ ጀልባው ቲኬት ቆራጭ ለ500 ሩፒ መልስ የለኝም ብሎ ከተራ ያስወጣችኋል፣ ጀልባውም አይጠብቅም።