ከዴም ያነጋገርኳቸው ሴት

የራዲዮ ሥርጭቱ ካለቀ ሃያ ደቂቃ አልሞላውም፤ የአድማጮች ስልክ ጮኸ። ከሪያድ ነው። ሰውየው ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ «ያቺ የዴሟ እትዬ ደኅና ናት? ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት የምትቀመጠዋ?» አለኝ።

ስም አልጠራንም ነበር። በምን እንዳወቃቸው ስጠይቀው ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሪያድ ከመግባቴ በፊት ሦስት ዓመት ቡናዋን ጠጥቻለሁ። ‹እናቴን ልቅበር› ብላ ስትምል እንዴት ይጠፋኛል?»

እሱ ደስ ብሎት ነው የደወለው። እኔ ስልኩን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ሪያድ ያለ ሰው ካወቃቸው፣ እዚያው ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ያለውማ ምን ያግደዋል?

ያን ጊዜ የምሠራው በውጭ አገር ባለ አንድ የአማርኛ ራዲዮ ዝግጅት ክፍል ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ፣ የሱዳን ጦር ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክን ከነባለቤታቸው ይዟቸዋል። ጄኔራል አብደል ፋታሕ አል ቡርሃን በቴሌቪዥን ቀርበው መንግሥቱንም የሉዓላዊነት ምክር ቤቱንም መበተናቸውን ተናገሩ። ኦምዱርማን የሚገኘውን የመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን ወታደሮች ገብተውበታል። መፈንቅለ መንግሥት ያሰበ ሰው ማይክሮፎን ሳይዝ አያድርም፤ በእኛም አገር በ1953 የክብር ዘበኛ ሲነሣ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ አልጋ ወራሹን ራዲዮ ላይ መግለጫ ማስነበብ ነበር።

ያ ሳምንት ግን በእኛ ክፍል የሱዳን ሳምንት አልነበረም። ጦርነቱ ወደ ደሴ እየተጠጋ ነበርና ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ተጥዷል። ሱዳን ለእኔ የተሰጠችኝ ጥቂት ዐረብኛ ስለምሰማ ብቻ ነው። ከአድማጭ ከሚመጣው መልእክት ውስጥ «የድንበሩን መሬት፣ አል ፋሽቃን ይዘውብን የለ? የራሳቸው ጉዳይ!» የሚለው ጥቂት አልነበረም። እኔ ግን ካርቱም ስትታወክ በመጀመሪያ የሚታዩኝ የእኛ ሰዎች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች፣ ዴምና ጅሬፍ ናቸው፤ ቤት ሠራተኛው፣ ሻይ ሻጯ፣ ወደ ሊቢያ ለመሻገር ደላላ የሚጠብቀው ልጅ። ሐምዶክም ቢሆኑ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለዓመታት ሲሠሩ የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ።

የሱዳን ኢንተርኔት የዚያኑ ሰኞ ጠዋት ተቆረጠ። ዋትስአፕ የለም፣ ፌስቡክ የለም። ተራው ስልክ ደግሞ ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይዘጋል። ከድሮ ማስታወሻዬ ላይ ቁጥር እየለቀምኩ ስደውል ዋልኩ፣ በማግሥቱም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት አነሡት። ከዚህ ቀደም ስለ ኢቃማ፣ ማለትም ስለ መኖሪያ ፈቃድ ክፍያ መወደድ አነጋግሬያቸው ነበር። መንገድ ዳር ጀበና ጥደው የሚያድሩ፣ ዴም ከገቡ ዐሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው እናት ናቸው።

«እትዬ፣ ስምዎትን አልጠራም» አልኳቸው።

«ስሜ ምን ይሠራልሃል ልጄ» አሉና ያዩትን ያወሩኝ ጀመር። መንገዱ በጡብና በድንጋይ ተዘግቷል፤ ጎማ ይነድዳል፤ ወጣቶቹ በየሰፈሩ ኮሚቴያቸው እየተጠራሩ ይወጣሉ። ማክሰኞ ማታ እግሩ የቆሰለ ልጅ ሮጦ ገባባቸው። አልጋ ሥር አስተኙት። ፖሊሶች በሩን ሲያንኳኩ ጀበናቸውን ይዘው ወጡ። «እናቴን ልቅበር፣ ማንም የለም አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ እናት አለው እኮ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስቆርጠው መሐላቸውን ተውኩት፤ ከበስተጀርባ የሚሰማውን የወፍጮ ድምፅም አላጠፋሁም፤ እንዲያውም ከመግቢያው ሥር ትንሽ ከፍ አድርጌ አስገባሁት። ካርቱም ላይ ቆሜ የምዘግብ መሰለኝ። «አንዲት የዴም ነዋሪ» ብዬ ጻፍኩ። ዋና አዘጋጇ የደሴን ዜና እያረመች ስለነበር «ስም የለውም አይደል?» ብላ አሳለፈችው። የለውም አልኩ፤ አልዋሸሁም።

ከሪያዱ ስልክ በኋላ ሄጄ ነገርኳት። አልጮኸችም። ከማታው ድጋሚ ሥርጭት አወጣነው፣ ከድረ ገጹም አነሣነው፤ የተላለፈው ግን ተላልፏል። የእኛ ሥርጭት በሳተላይት ነበር፤ ዴም ውስጥ የሚሰማበት ቤት ብዙ ነበር፤ በዚያ ላይ ኢንተርኔት በጠፋበት ሰሞን ሰው ራዲዮ ላይ ነው የዋለው። ወደ ሴትየዋ ስደውል የሚመልስልኝ የዐረብኛ ማሽን ሆነ። ለሦስት ሳምንት እሱን ስሰማ ከረምኩ።

በመሐል ኅዳር 8 መጣ። የሱዳን ሐኪሞች ማዕከላዊ ኮሚቴ በአንድ ቀን 15 ሰው መገደሉን፣ አብዛኛው ባሕሪ፣ ማለትም ሰሜን ካርቱም ውስጥ መሆኑን አስታወቀ። በማግሥቱ ፖሊስ ጥይት አልተኮስንም፣ የሞተውም አንድ ሰው ነው አለ። «የሟቾች ቁጥር እያነጋገረ ነው» ብለን እንድናነብ ተጽፎ ሲመጣ አስቀየርኩት። አንደኛው ወገን ሆስፒታል የገባ ሬሳ የቆጠረ ነው፤ ሌላኛው መግለጫ የጻፈ ነው። ማን እንዴት እንደቆጠረ ሳይነገር ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሚዛናዊነት አይመስለኝም፤ ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት ጥቅምት 26 ቀን ልዩ ስብሰባ ጠርቶ ሁኔታውን የሚከታተል ባለሙያ እንዲሾም ወስኖ ነበር። ዜናው ያስፈልጋል፣ ምስክርም ያስፈልጋል። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው፤ ምስክር የሆኑልኝን ሴት ያጋለጥኳቸው እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ድምፅ ስቆርጥ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው። የሚናገረውን ሰው ትቼ ከኋላው ያለውን፤ አዛን፣ የሕፃን ስም፣ የረዳት ጩኸት። በታኅሣሥ 10ሩ ሰልፍ 13 ሴቶችና ልጃገረዶች መደፈራቸው ለተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ሲደርሰው፣ ስለዚያ ምሽት የሚናገር ድምፅ እጄ ገብቶ ነበር። አላወጣሁትም። ፍሬ ነገሩን ጽፌ ባልደረባዬ አነበበችው። እሱንም ከማንበቧ በፊት አንድ የልብስ ቀለም ሰረዝኩ። ዘገባው ቀዝቅዟል ያሉኝ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው።

ሴትየዋ የደወሉልኝ ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። ኢንተርኔቱ ኅዳር 9 ተለቀቀ፤ ኅዳር 12 ሐምዶክ ከቡርሃን ጋር ተፈራርመው ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ፤ ማታ ስለዚያ ዜና ስጽፍ ስልኬ በዋትስአፕ ጠራ።

«ልጄ፣ ሚካኤል ነው ያወጣኝ» አሉ። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር።

ዴም የሉም። ወታደር አልመጣባቸውም። ቤቱን ያከራያቸው ሰው ወሬውን ከሌሎች ተከራዮች ሰምቶ፣ ከሻ፣ የፖሊስ አፈሳ ይመጣብኛል ብሎ በሌሊት አስወጣቸው። ኢቃማቸው ካለፈበት ቆይቷል፤ ምን ብለው ይከራከሩታል? አሁን ጅሬፍ አንዲት የአገራቸው ልጅ ዘንድ ተጠግተዋል። የዐሥራ አንድ ዓመት ቦታቸውን ሌላ ሰው ይዞታል። የቆሰለውን ልጅ በተደበቀ በማግሥቱ እናቱ መጥታ ወስዳዋለች።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «እኔ ሳልሰማው ቀረሁ እኮ። ሰው ሁሉ አወራልኝ። እስቲ አሰማኝ።»

አላጠፋሁትም ነበር። ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግቼ ከፈትኩላቸው። እስኪያልቅ ምንም አላሉም።

«አዪ፣ ወፍጮው ሳይቀር ይሰማል» አሉ።