ውሻ የምፈራው ሰውዬ ፑኬት ላይ

ፑኬት የምትባለው የታይላንድ ደሴት የሄድኩት ለውሻ ብዬ አይደለም። እማዬን ለሕክምና ባንኮክ ወስደናት ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሰላም ሲያልቅ እህቴ «ፊትህ ከእሷ ብሶ ገርጥቷል፣ ሂድና ሁለት ቀን ተንፍስ» ብላ አባረረችኝ። የካቲት 2016 ነው። የሆቴሉ ደረሰኝ ላይ ግን 2567 ይላል። ታይላንዶች ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማሉ፣ እኛ ደግሞ ወደ ኋላ ቀርተናል። አንድ ሌሊት በርሬ 551 ዓመት ተሻገርኩ።

ዋና አልችልም። ባሕሩን ከዳር አይቼው ስመለስ የሆቴሏ እንግዳ ተቀባይ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ስሻገር አይታኝ ኖሮ ሳቀችብኝ። ምን ላድርግ፣ በየጥላው ስር ውሻ ተኝቷል! እንደምፈራ ስነግራት «እንግዲያው ማይ ካኦ ሂድ» አለችኝ። በደሴቲቱ ሰሜን በኩል የውሾች መጠለያ አለ፣ ጎብኚ ያስገባሉ። ቀልዷን መስሎኝ ነበር።

ስምንት ዓመቴ ላይ የሰፈር ውሻ ባቴን ነክሶኛል። ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ ጠበል፣ አንዱ የባህል መድኃኒት ሲል፣ እማዬ ማንንም ሳትሰማ ቧንቧ ስር አቁማ በልብስ ሳሙና ፈተገችኝ። ከንክሻው ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው። ከዚያ 14 ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ሆዴ ላይ መርፌ። ያኔ ክትባቱ ከበግ አንጎል የሚሠራው ዓይነት ነበር። በየቀኑ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ውሻውን የሰፈር ጎረምሶች በድንጋይ ጨረሱት። ይበድ አይበድ ያጣራ የለም። ደመ ከልብ ሲባል ስሰማ እስከ ዛሬ የሚታየኝ ያ ውሻ ነው።

በማግስቱ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ።

መጠለያው ሶይ ዶግ ፋውንዴሽን ይባላል። «ሶይ» በታይኛ ቅያስ ማለት ነው። የቅያስ ውሾች እንደማለት። ከበሩ በፊት የሚቀበላችሁ ጩኸቱ ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ሽታው ያፍነኛል ብዬ ነበር፤ የሸተተኝ ግን በረኪና ነው። ገና በጠዋቱ ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሠራተኞች ወለሉን በጎማ እያጠቡ ነበር። አንዷ ክኒን በሥጋ ጠቅልላ ታጎርሳለች። አንዱ ተንኮለኛ ሥጋውን ውጦ ክኒኑን ተፋው። እሷም አንስታ እንደገና ጠቀለለች። ሦስት ጊዜ! አራተኛው ላይ ተሸነፈ።

ቡችሎቹን ከሩቅ ነው ያየናቸው። ፓርቮ የሚሉት ቫይረስ በጫማ ሶል ተጉዞ ቡችላ ይፈጃል። ለእኔ መቼም ተመችቶኛል፣ ከሩቅ ማየት።

በእከክ የተበላ ውሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፀጉር የለውም፣ ቆዳው እንደ ዝሆን ይጨማደዳል። አንዱ እንደዚያ ሆኖ ጥግ ላይ ተኝቷል። አስጎብኚያችን አጠገቡ ያለውን ቡናማ ውሻ አሳየችንና «ይሄም ሲመጣ እንደዚያ ነበር» አለች። አላመንኩም። ፀጉሩ ያበራል። ለካ እከክ ማለት ከቆዳ ስር የምትቆፍር ዓይን የማታያት ተባይ ናት፤ በመድኃኒት ተገድላ፣ ውሻው በደንብ በልቶ ጥቂት ወር ሲቆይ ፀጉሩ ይመለሳል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለው ውሻ ሲመጣ በድንጋይ ነበር የምንሸኘው።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ዕጢው ነው። አንዲት ነጭ ውሻ ከጭራዋ ስር ዕጢ ወጥቶባት ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶላታል። ካንሰር ነው፣ በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚጋባ ካንሰር። ቫይረስ እንኳ አይደለም፣ የሚተላለፈው ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በኖረ አንድ ውሻ ላይ ተነሥቶ፣ ውሻው ራሱ ሞቶ አፈር ሆኖ፣ ዕጢው እስከ ዛሬ እየተሻገረ ይኖራል። ደግነቱ ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲሰጣት ብዙውን ጊዜ ይጠፋል።

የእንስሳት ሐኪሟን ስለ ማምከን ጠየቅኋት። መንገድ ላይ ያሉትን ይይዛሉ፣ ያመክናሉ፣ ይከትባሉ፣ ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያ ወደያዙበት ቦታ ይመልሳሉ። ይሄን በታይላንድ ከ1 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ላይ አድርገዋል። «ለምን ትመልሷቸዋላችሁ?» አልኳት። «አንተ አገር ምን ታደርጋላችሁ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ውሻ ሲበዛ መፍትሔው መርዝ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር ተዘርረው እናገኛቸዋለን። «ከዚያስ ውሻ ጠፋ?» አለች። አልጠፋም። ከጥቂት ወራት በኋላ የማናውቃቸው ውሾች ይመጡ ነበር። ቆሻሻው እስካለ ቦታው ባዶ አያድርም። አዲሶቹ ደግሞ ያልተከተቡ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታን ለማቆም ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለበት፤ የተከተበውን ገድለህ ያልተከተበውን ትጋብዛለህ ማለት ነው። የምትወልድ ውሻ ደግሞ ሁለት ወር ብቻ ነው የምታረግዘው። እሷ በጣቷ እየቆጠረች ስታሰላልኝ የኛን ሰፈር ዘመቻ ሁሉ ከንቱነት ቁጭ ብዬ አየሁት።

ቦታውን ያቋቋሙት ጡረተኞች ናቸው። ጊል ዳሊና ባለቤቷ ጆን ከእንግሊዝ መጥተው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሌላ ሴት ጋር ጀመሩት። በ2004 ጊል ማደንዘዣ የተወጋ ውሻ ስታሳድድ ውሃ የተኛበት ማሳ ውስጥ ገባች። ከጭቃው ባክቴሪያ ደሟ ተመርዞ ሁለት እግሮቿ ከጉልበት በታች ተቆረጡ። ብዙም ሳይቆይ ፑኬትን የመታው ሱናሚ መጣ፤ እሷ በተሽከርካሪ ወንበር ሆስፒታል ሄዳ የተረፉትን ታጽናና ነበር። በኋላም በሰው ሠራሽ እግር ውሻ ወደ ማሳደዱ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ2017 አርፋለች።

ብዙዎቹ ውሾች ከቡድሃ ገዳማት አካባቢ ይነሣሉ። ሰው ውሻ ሲሰለቸው እዚያ ጥሎ ይሄዳል፤ መነኮሳቱ ነፍስ አይገድሉም፣ ከቁርሳቸው ያካፍላሉ። እኛ ዘንድ ውሻ ቤተ ክርስቲያን ከገባ ረከሰ ነው የሚባለው። ይህን ለአስጎብኚዋ ልነግራት ብዬ ተውኩት።

መጨረሻ ላይ ፈሪዎቹ ያሉበት አጥር ውስጥ አስገቡኝ። ሰው የመታቸው፣ ሰው ሲያዩ ግድግዳ የሚያቅፉ ናቸው። ሥራው ቁጭ ማለት ነው። አትንካ፣ ዓይኑን አትይ፣ ዝም በል። ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ማዶ ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ውሻ ይንቀጠቀጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለታችንም ግድግዳ ይዘን ተቀመጥን። ኋላ በሆዱ እየተሳበ መጣና የጫማዬን ጫፍ አሸተተ። ከዚያ ደንግጦ ሸሸ። እኔም ደንግጬ ነበር።

ስንወጣ ለሐኪሟ የልጅነት ጠባሳዬን አሳየኋት። ስለ ሳሙናው ስነግራት «እናትህ የሕክምና ባለሙያ ናት?» አለች። ቫይረሱ በስብ ተሸፍኗል፣ ሳሙና ሽፋኑን ያፈርሰዋል። ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ክትባት። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ማታ ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩና የጥቁሩን ውሻ ፎቶ አሳየኋት። ጮኸችብኝ።

«ነካኸው?!»

«እሱ ነው ጫማዬን የነካው።»

«ታጥበሃል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና፣ እማ። የመከኑት ሴት ውሾች እንዳንቺ ሆዳቸው ላይ ስፌት አለባቸው።»

«ጥቁር ውሻ ልውለድ ስትል አድገህ፣ ይኸው አገኘኸው» አለችና ሳቋ መጣ። ከዚያ ሆዷን ይዛ «ኧረ አታስቀኝ፣ ስፌቱ ያመኛል» ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።